አያ ጥርሶን የጠራው ድምፅ

የጀልባ ቀዛፊው ድምፅ አያምርም። ይህን ሚስቱ ስትነግረው ኖራለች፤ ጎረቤትም አልደበቀውም። ረግረጉ ውስጥ ግን ይህን ድምፅ ሰምቶ የሚመጣ አንድ ወዳጅ ነበረው፤ አያ ጥርሶ የሚለው ሽማግሌ አዞ። ቀዛፊው የጀልባውን ጎን በመቅዘፊያ እየመታ ሲዘፍን አዞው ከደንገሉ ሥር ብቅ ብሎ አፉን ይከፍታል፤ የዓሣ ጭንቅላት ይወረወርለታል። እንግዶች የሚመጡት ይህን ለማየት ነው። ልጆቹን ያሳደገው በአያ ጥርሶ ነው ቢባል ውሸት የለበትም። ደግሞም ይወደው ነበር። አዞ ይወደዳል ወይ የሚል ካለ ሰውን ገና አላወቀም።

ያን ቀን የመጣው መንገደኛ ጨዋ ነበር። ጀልባው ላይ ሲወጣ ጫማውን አወለቀ፤ «ጋሼ» እያለ አጫወተው፤ ከጎኑ ያጋደመውን ረጅም ከረጢት የካሜራ እግር ነው አለ። ቀኑን ሙሉ ዞሩ። ጉማሬዎች ጆሮና ዓይናቸውን ብቻ አውጥተው ታዘቧቸው፤ አንድ እርኩም ፊታቸው እንቁራሪት ዋጠ። ቀትር ላይ ደረቅ መሬት አግኝተው ወረዱና ቀዛፊው ዓሣ ጠበሰ፤ እንግዳው አጥንቱን ሳይቀር መጠጠ።

ከዚያ ቀዛፊው ዘፈነ፤ አያ ጥርሶም መጥቶ ድርሻውን በላ። መንገደኛው ግን ከአዞው ይልቅ ዘፈኑ የማረከው መሰለ። እንዲህ ያለ ድምፅ ጠፍቶ መቅረት የለበትም ብሎ ስልኩን አፉ ሥር ደገነ። በዕድሜው ጉሮሮውን ያመሰገነለት ሰው አልነበረምና የቀዛፊው አንጀት ቅቤ ጠጣ። ደግሞ ደጋግሞ ዘፈነለት። ሳይጠየቅም አዞው የት እንደሚያድር፣ መቼ እንደሚርበው ዘረገፈለት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ማታ ሚስቱ ፊት ቢፎክር፣ ሰውየው ወይ ጆሮ የለውም ወይ ሌላ ነገር ፈልጓል አለችው። ቅናት ነው ብሎ ተኛ።

በማግስቱ ጠዋት ጀልባው ውስጥ የገባውን ውሃ እየቀዳ ሲደፋ የገዛ ድምፁ ከደንገሉ መሀል ሲዘፍን ሰማ። ወዲያው ጀልባዋን ገፍቶ እንደ እብድ ቀዘፈ።

መንገደኛው በሌላ ጀልባ ላይ ቆሟል። ስልኩ ይዘፍናል፤ ጠመንጃው ከከረጢቱ ወጥቷል። ውሃው ግን ጸጥ እንዳለ ነው። አያ ጥርሶ አልመጣም፤ የስልክ ድምፅ ሊያታልለው አልቻለም። ቀዛፊው እዚህ ላይ አፉን ቢይዝ ኖሮ አዞው ዛሬም በኖረ። ለሚወዱት ሲፈሩለት ግን ማን አፉን ይይዛል?

«አያ ጥርሶ፣ ሂድ! ሽሽ!»

አዞው ከሰው ቋንቋ የሚያውቀው ያንን ድምፅ ብቻ ነው። ከወዳጁ ጀልባ ጎን ብቅ አለና እንደ ልማዱ አፉን ከፈተ። ቀዛፊው በመቅዘፊያው ሊገፋው ጎንበስ ሲል ጥይቱ ቀደመው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለ መንገደኛው በጨዋ ደንብ። «በስልኩ እኮ እምቢ ብሎኝ ነበር።»

ጀልባው ውስጥ ከትናንት የተረፈች አንዲት የዓሣ ጭንቅላት ነበረች። ቀዛፊው አነሳትና ተከፍቶ በቀረው አፍ ውስጥ አስቀመጣት።