ሚድዌይና ጋዳልካናል በምሳ ሰዓት

ባለፈው ቅዳሜ የጓሮውን ቅጠል ጠርጌ ስገባ፣ ልጄ ኮምፒውተሩ ላይ የመርከብ ውጊያ ጨዋታ ከፍቶ «ሚድዌይ!» ሲል ሰማሁት። መጥረጊያውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ያን ስም ከሰማሁ ስንት ዘመኔ!

ወጣት ሳለሁ፣ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ የገባሁ ሰሞን፣ ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራ ነበር። ሰው ቲኬቱን በመስኮት ያቀብለኛል፣ ፊቴን ሳያይ ይሄዳል። ኖርዝላንድ ሰፈር ያለው አፓርታማዬም ቢሆን ከፍሪጁ ጩኸት በቀር ድምፅ አልነበረውም። ሰው በሰው መሀል እንዲህ ብቻውን እንደሚቀር አገሬ እያለሁ ቢነግሩኝ አላምንም ነበር።

ያተረፉኝ ጋሼ ግርማ ናቸው። እሳቸው የማቆሚያው መግቢያ በር ላይ ይሠሩ ነበር፤ ድሮ ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ፣ የመርከብ ሞተር ክፍል ሠርተዋል። አንድ ቀን ምሳ ላይ ምስር የተቀባ አምባሻቸውን ለሁለት ቆርሰው ሰጡኝና፣

«ለመሆኑ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን ፓስፊክ ላይ ያበቃላት የት ነው?» አሉኝ።

ታሪክ ነበር የተማርኩት። «ሚድዌይ ነዋ! አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦቿ የሰመጡት እዚያ አይደል?»

«አይ የመጽሐፍ ነገር! ጋዳልካናል ደሴት ላይ ነው። እዚያ ነዳጁም፣ ፓይለቱም፣ ሰዉም ወር ከወር አለቀ። ሞተር ክፍል የኖረ ሰው ጠይቅ፤ መርከብ የሚገድለው የዕለት የዕለቱ ጉድለት ነው።»

ብርዱ እስኪያልፍ በየምሳ ሰዓቱ ተከራከርን። ጠረጴዛው ላይ የምንደረድራቸው የኬቻፕ ፓኬቶች የጃፓን መርከቦች፣ የስኳር ፓኬቶች የአሜሪካ ነበሩ። በረዶና የበረዶ ማቅለጫ ጨው የለበሰውን መንገድ በአውቶቡስ ስሄድ፣ ነገ ምን ብዬ እንደማፋጥጣቸው እያሰብኩ ብቻዬን እስቅ ነበር። አንዳችንም አልተረታንም። ብንረታማ ምን እናወራለን?

በረዶው ሲቀልጥ ሴት ልጃቸው ወደምትኖርበት ሲያትል ከተማ ልትወስዳቸው መጣች። የመጨረሻው ቀን ላይ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው፣

«በል ልጄ፣ ሚድዌይ ነው። አሸንፈሃል» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ ገና መቼ ጨረስን!»

«አሜን በል እንጂ።»

ለካ እየመረቁኝ ነው። ትልቅ ሰው ሲመርቅ ደግሞ ክርክር የለም። «አሜን» አልኩ። በማግስቱ ምሳ ላይ ስኳሮቹን ደረደርኩ፤ ኬቻፑን የሚያንቀሳቅስልኝ ግን አልነበረም። እንደዚያ ቀን ማሸነፍ አስጠልቶኝ አያውቅም።

«ጋዳልካናል ነው እንጂ!» አልኩት ልጄን።

ዞሮ አየኝ። «ኖ ዌይ ዳድ!»

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ወንበር ሳብኩ። በጋሼ ግርማ አፍ ስለ ነዳጁ፣ ስለ ፓይለቱ ተናገርኩ። እሱም መለሰልኝ፣ እኔም ጨመርኩ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ የጨዋታ ጓደኞቹ ጠሩት መሰለኝ፣

«ኦኬ ዳድ፣ ዩ ዊን» አለና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፋ።

«አሜን» አልኩት። አልሰማኝም።