የጥዱን ሥር አፈር ያለበስኩ ሰሞን

ሆጤ ሰፈር ያለው ግቢያችን ዋልካ አፈር ነው። ክረምት ጫማ ነክሶ አይለቅም፣ በጋ ደግሞ ድንጋይ ነው። የግቢው ጥድም ሥሩን ወደ ታች መስደድ ስላቃተው ከቤቱ በር እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ መሬት ለመሬት አጋድሞት ነበር። እኔ በዚህ ሥር ስንቴ ተደናቅፌያለሁ! አንድ ቀን የታጠበ ልብስ እንደያዝኩ ጭቃው ላይ ተዘረርኩና በቃ፣ አንገሸገሸኝ። ለሰው ግን «ለእናቴ ብዬ ነው፣ ትወድቅብኛለች» አልኩ። እናቴ እንኳን ልትወድቅ፣ ተደናቅፋም አታውቅም።

እሷ ኮምቦልቻ እህቴ ጋ በሄደችበት ሰሞን መጥረቢያ አነሳሁ። ጎረቤታችን ሽማግሌው በአጥር አሻግረው አዩኝና «ተይ ልጄ፣ እንዳትቆርጪው! ዋልካ ላይ ጥዱን ያቆመው ይሄው የላይ ሥሩ ነው፤ ንፋስ ይጥለዋል» አሉኝ። ሰማኋቸው። መቁረጡን ትቼ አፈርና ጠጠር አለበስኩት፣ ደለደልኩት። ለዛፉስ ተጠንቅቄያለሁ።

እናቴ በተመለሰች ማግስት ለሱብሂ ሶላት ውዱእ ልታደርግ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ወጣች። ግቢው መሃል ስትደርስ ቆመች። በእግሯ መሬቱን ዳበስ ዳበስ ታደርጋለች።

«ሥሩስ?» አለችኝ።

«ደለደልኩልሽ እኮ! እንደ አስፋልት!»

ማንቆርቆሪያዋን መሬት አስቀመጠች። «በሱ ነበር እኮ የምሄደው» አለች።

ወፍራሙን ሥር እየረገጠች ሽንት ቤት፣ ሥሩ ለሁለት የሚከፈልበት ጋ ስትደርስ ታጥፋ ቧንቧው ጋ ትሄድ ነበር። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል ለካ። እንደ ሕፃን እጇን ይዘን እንዳንመራት ፈርታ ለማናችንም ትንፍሽ አላለችም። አንድ ጣሪያ ሥር እየኖርኩ አላወቅኩም። ወይ እኔ! ወይ የኔ ነገር!

እዚያው ተንበርክኬ ጠጠሩን በእጄ መዛቅ ጀመርኩ። «አብሽሪ ልጄ፣ ተይው፣ አንቺ ትደናቀፊበታለሽ» አለችኝ። በማግስቱ አፈሩን ቆፍሬ ሥሩን ገለጥኩት፤ እግሯ ግን ከዚያ ወዲያ አላመነውም። ቆሳስሏል፣ ጭቃ ይዟል፣ የምታውቀው ሥር አልሆነላትም።

አሁን በሩ ላይ ትቆምና እጇን ትዘረጋለች፣ እኔ እመራታለሁ። ሰሞኑን ደግሞ «ሽንት ቤት ውሰጂኝ» ላለማለት ውሃ መጠጣት ቀንሳለች። ብርጭቆውን ስሰጣት ከንፈሯን ታረጥብና ትመልስልኛለች።

«አልጠማኝም» ትላለች።