የጋሼ ወልዴ ሸክላ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ጭምር። እሳቸው ዘንድ ስቀርብ ሐሜቴን፣ ጾም መሻሬን፣ በሰው ላይ መቆጣቴን እዘረዝርና እዚህች ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። ለእርስዎ ለመናገር የደፈርኩት ስለማላውቅዎት ይሆናል። ፊትዎን አላይም፣ እርስዎም የእኔን አያዩም። እንዲህ ያለ ኑዛዜ ምን ዋጋ አለው? እንጃ። ብቻ ልጀምር።

ስንታየሁ እባላለሁ። መርካቶ ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን ነው ያረጀሁት፤ ቴፕ የሚያሠራ ሰው ሲጠፋ በዚያችው ሱቅ የሞባይል ቻርጀር መሸጥ ጀመርኩ። ቤቴ ከአብነት ወደ አማኑኤል ሲሄዱ ገባ ብሎ ነው፤ አንድ የቀበሌ ቤት ለሁለት ተከፍሎ በወዲህ በኩል እኔ ብቻዬን፣ በወዲያ በኩል እትዬ ዘነበች ብቻቸውን እንኖራለን። መካከላችን ያለው የጭቃ ግድግዳ ነው። ሲያስነጥሳቸው ከአልጋዬ ሳልነሣ “ይማርዎት” እላለሁ፣ እሳቸውም ከወዲያ “ያኑርህ” ይሉኛል።

በዚህ ዓለም አጥብቄ የወደድኩት ነገር ቢኖር ሸክላ ማጫወቻዬ ናት። ምናለሽ ተራ ከወዳደቀ ብረት መካከል ነው ያነሣኋት። መጀመሪያ ሞተሩን ሸክላው ከሚዞርበት ሳህኗ ጋር የሚያገናኘውን ቺንጋ ቀየርኩላት፤ ዜማው ከመንቀጥቀጥ ዳነ። በዚያ መቼ ረካሁ? የሳህኗን አሮጌ ላስቲክ ጥዬ ወፍራም ሱፍ በልኳ አስቆርጬ አነጠፍኩላት። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ወለሉ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ከድንጋይ ቆራጮች ትርፍራፊ እምነበረድ ለምኜ አመጣሁና ከሥሩ ለሁለት የተሰነጠቁ የቴኒስ ኳሶች ደርድሬ በላዩ አስቀመጥኳት። አንዱን ባሻሻልኩ ቁጥር ሌላው ያንሰኛል። እንቅልፍ የሚያሳጣ በሽታ ነው፤ የያዘው ያውቀዋል።

አሁን ስለ ሸክላው ልንገርዎት። እትዬ ዘነበች ሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ ሲሸጡ የኖሩ ሴት ናቸው። ባላቸው ጋሼ ወልዴ እዚያው ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ከጓደኞቻቸው ጋር አንዲት ትንሽ ሸክላ አስቀርጸዋል፣ በአንዱ ገጽ አንድ ዘፈን፣ በሌላው ገጽ አንድ። ከዚያ ወደ መቀሳቸው ተመለሱ፣ ሁለተኛ አልዘፈኑም። ሊሞቱ ሲሉ እትዬ ዘነበችን ጠርተው፣ “ዘነቡ፣ እቺን ሸክላ አደራ። ድምፄ ሌላ ቦታ የለም” አሏቸው። እውነትም የለም። ብዙ ፈልጌያለሁ፣ ከዚያች ከአንዷ በቀር የለም።

በየዓመቱ በጋሼ ወልዴ ሙት ዓመት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እድርተኛው ቀማምሶ ሲበተን፣ እትዬ ዘነበች ሸክላዋን በነጠላ ጠቅልለው ወደ እኔ ይመጣሉ። “ስንታዬ፣ እስቲ አሰማኝ” ይላሉ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው አንዴ ይሰማሉ። አንዴ ብቻ። አያለቅሱም፤ እንዲያውም፣ “ድምፁ እኮ ሁልጊዜም ደረቅ ነው፣ እኔ ነኝ ያጨበጨብኩለት” ብለው ይስቃሉ። ከዚያ ጠቅልለው ይዘዋት ይሄዳሉ። ሸክላዋን ከእጃቸው ለይተው አያውቁም።

እኔ ነኝ የለየኋት።

አምስት ዓመት ሆነው። ያን ጊዜ ከሌላ ማጫወቻ ላይ የተፈታ ክንድ፣ ከነቀጭን መርፌው፣ አግኝቼ ገጥሜ ነበር። ወፍራሙ መርፌ የዘለለውን ሁሉ ያነብባል፤ ዘፋኙ አየር ሲስብ ሳይቀር ያሰማል። ጋሼ ወልዴ አየር ሲስቡ መስማት አማረኝ። ሙት ዓመቱ ሳምንት ሲቀረው ሄጄ፣ “እትዬ፣ ሸክላዋን ላጽዳልዎት” አልኳቸው። ሳጥናቸውን ከፍተው ሰጡኝ። “አደራ” አሉኝ፣ ያችኑ ቃል። ለማጽዳት ነበር? አልነበረም። ለጆሮዬ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። በራችን ላይ መኪና ዕቃ ያራግፋል፣ ወለሉ ይርዳል፤ ክንዱም ገና ሚዛኑን በወጉ አልያዘም፣ መርፌው ይዘላል። ምን አደረግሁ? ድሮ በየቡና ቤቱ እንደሚደረገው ስሙኒ አንሥቼ መርፌው በላዩ በተተከለበት የክንዱ ራስ ላይ ጫንኩ። ድሮ መርፌው ደደብ ስለነበር ይችለው ነበር። ይህ ግን እንደ ምላጭ የተሳለ ነው፣ ላባ እንኳ ይከብደዋል። አላውቅም ነበር አልልም። የሠላሳ ዓመት ጠጋኝ ነኝ፣ ለሰው ስከለክል የኖርኩ ነኝ፤ አውቅ ነበር። አሁንም ዘለለ። በስሙኒው ላይ ሽልንግ ደረብኩበት። መዝለሉን ተወ። ፀጉር የመሰለ ጥቁር ክር ከሸክላው እየተላጠ ሲወጣ ያየሁት ትንሽ ቆይቼ ነው። ክንዱን ሳነሣ ሸክላዋ ላይ እንደ ጥፍር ጭረት ያለ ነጭ መስመር ቀርቷል። መኪናው አይደለም። መርፌው አይደለም። እኔ ነኝ።

ሸክላዋን ልባሷ ውስጥ ከትቼ መለስኩላቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጭረቱን አያዩትም። የሙት ዓመቱ ቀን ሲመጡ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ “እትዬ፣ ሞተሯ ተቃጥሏል” አልኳቸው። ምን አሉኝ መሰለዎት? “አይዞህ ልጄ፣ አንተ ነህ የተጎዳኸው። እኔስ በዓመት አንዴ ነው የምሰማው” ብለው አጽናኑኝ።

ነገሩ በዚያ ያበቃል ብዬ ነበር። በዓመቱ ግን አረብ አገር ያለች የእህታቸው ልጅ ያመጣችውን አዲስ ሞተር በጋቢ ጠቅልለው ይዘውልኝ ከች አሉ። መግቢያ አጣሁ። “መርፌውም አልቋል” አልኳቸው። ለበዓል ከውጭ መጥተው ነጠላ የሚገዟቸው ደንበኞች አሉ፣ “ጻፍልኝ፣ አስመጣልሃለሁ” አሉኝ። ማንበብ አይችሉም፤ ወረቀቱን እንደሰጠኋቸው ያስተላልፉታል። እኔ ታዲያ የጻፍኩት የሚበቃውን ሳይሆን ስመኝ የኖርኩትን መርፌ ነው። ይህንን ይያዙልኝ፤ ከሁሉም ይህ ያሳፍረኛል። በሚቀጥለው ዓመት ገመዱ ነው አልኩ፣ ገመድ መጣ። ከዚያ ማጉያው አልኩ፣ እሱም መጣ። በዋሸሁ ቁጥር ውሸቴ አንድ የሚያምር ዕቃ ይወልድልኛል።

ዛሬ ከዚህ እስከ አማኑኤል ድረስ የእኔን የሚያህል ማጫወቻ ያለው ሰው አይገኝም። ላሰማው ግን አልችልም፤ ግድግዳው ጭቃ ነው፣ አንዲት ዜማ ካመለጠችኝ እትዬ ዘነበች ይሰማሉ። ድምፅ ማጉያዎቹን ጨርቅ አልብሼ፣ የጆሮ ማዳመጫ አጥልቄ፣ በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ ትንፋሼን ውጬ እሰማለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የኖርኩት።

ዘንድሮ ሙት ዓመቱ ሦስት ቀን ሲቀረው ማዳመጫውን አጥልቄ ዓይኔን ጨፍኜ ሳለሁ እትዬ ዘነበች በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። ቢያንኳኩ በየት ልስማ? ዓይኔን ስገልጥ ሳህኗ ላይ አፍጥጠዋል፤ ሳህኗ ትዞራለች። “ተሠራች እንዴ!” አሉና እልልታቸውን አቀለጡት። ጎረቤት ተሰበሰበ። እሳቸው ሙት ዓመቱንም አልጠበቁም፣ ሮጠው ሸክላዋን አመጡ። ማዳመጫውን ነቅዬ፣ ድምፅ ማጉያዎቹን ገልጬ፣ መርፌውን አሳረፍኩ። ሌላ ምን ማድረግ እችል ነበር? እችል ነበር። አላደረግሁም እንጂ።

ጋሼ ወልዴ ዘፈኑ። አየር ሲስቡ ተሰማ። እትዬ ዘነበች አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ከዚያ መርፌው ከጭረቱ ደረሰ፣ “ነይ እንጂ” የምትለው ላይ ተያዘ። “ነይ እንጂ… ነይ እንጂ… ነይ እንጂ…”

“እየጠራኝ ነው” አሉ እትዬ ዘነበች ቀስ ብለው። “አደራውን በላሁበት። ባለፈው ክረምት ጣራው ሲያፈስ ሳጥኑን ሳነሣ ወደቀብኝ እኮ። እኔ ነኝ።” ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፦ “ባለሙያው አንተ ነህ ስንታዬ። ሲወድቅ ነው አይደል እንዲህ የሚሆነው?”

ሸክላ ሲወድቅ ይሰነጠቃል እንጂ እንዲህ አይታረስም። ጎረቤቱ ሁሉ ያየኛል። “ይሆናል፣ እትዬ” አልኳቸው።

ይሆናል! ስሙኒውንና ሽልንጉን የጫነው እጄ አንዴ ነው የበደላቸው። ይህች ቃል ግን እስካሁን እየበደለቻቸው ነው።

በማግስቱ ንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄዱ። “ይሄ ኃጢአት አይደለም ሴትዮ” ብለዋቸው ነበር፤ እትዬ ራሳቸው በሬ ላይ ቆመው ነገሩኝ። እሳቸው ግን አደራ በልቻለሁ፣ ቀኖና ይስጡኝ ብለው ሙጥኝ አሉ። አባም ልባቸው እንዲያርፍ ብለው፣ እንደ ጉልበትሽ አሥር አሥር ስገጂ አሏቸው። እትዬ ዘነበች አርባ አደረጉት። ደረጃ ለመውጣት ሰው የሚደግፋቸው ሴት ናቸው።

በየጠዋቱ እሰማቸዋለሁ። ጉልበታቸው ወለሉን ሲነካ፣ መዳፋቸው ሲያርፍ፣ “እግዚኦ” ሲሉ፣ ከዚያ ለመነሣት ሲያቃስቱ። ቅዳሜና እሑድ ስግደት ስለሌለ ግድግዳው ዝም ይላል፤ ያኔ ደግሞ ሰኞን እፈራለሁ። አንድ ጠዋት እንዳልሰማ ብዬ ማዳመጫዬን አጥልቄ ሸክላ ከፈትኩ። በእምነበረዱም በኳሶቹም አልፎ ያ የተመኘሁት መርፌ ጉልበታቸውን አነበበው። ከዘፈኑ ሥር ዱብ፣ ዱብ ይላል። እሳቸው ባስመጡልኝ መርፌ እሳቸው ሲወድቁ ሰማሁ።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ይህን የምጽፈው አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ነው። ለምን ጻፍኩት? ለእሳቸው እንዳልል ማንበብ አይችሉም። ይህንን እያወቅሁ ነው ብዕር ያነሣሁት፤ እንግዲህ ኑዛዜዬም ከውሸቴ አይሻልም። ብነግራቸው ምን ያደርጉኛል? ምንም። ገና ሳልጨርስ “ይቅር ብዬሃለሁ ልጄ” ይሉኛል፣ ምናልባትም ያጽናኑኛል። እሱን ነው የምፈራው።

ስለዚህ እርስዎን ይፍቱኝ አልልዎትም። እኔ የምፈታው እሳቸው ከዚያ ወለል ሲነሡ ነው፤ የሚያነሣቸውም አንድ ቃል ነው። መጮህ እንኳ አያስፈልገኝም፣ “ይማርዎት” በምልበት ድምፅ ብናገር ይሰሙኛል።

አሁን ሠላሳ አንደኛው ላይ ቆም ብለው ትንፋሽ እየወሰዱ ነው።

ሠላሳ ሁለት።