ልብስ ሰፊው የሳላት ሎሪ

ሱዳን፣ ዶካ የወረድሁት ለሰሊጥ አረም ነበር። ጎንደር በቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ሥዕል ተምሬ ስለነበር፣ ወገቤ ለአረሙ እንቢ ሲል የሎሪ ጎንና የሻይ ቤት በር እየቀባሁ እዚያው ቀረሁ።

ወዳጄ ኒው ሀልፋ በምትባል ከተማ ልብስ ሰፊ ነበር። ገዳሪፍ የተወለደ የጎንደሬዎች ልጅ ነው፤ አማርኛ ይናገራል እንጂ ፊደል አልቆጠረም። እኔ ደግሞ ዐረብኛ ማንበብ አልችልም። የተዋወቅነው ዶካ ገበያ የሰፋውን ጀለቢያ ሊሸጥ የመጣ ጊዜ ነው። በዱቄት ጆንያ ላይ የሳልሁትን የተንበረከከ ግመል አይቶ፣ «ወላሂ፣ ይሄ አሁን ተነስቶ ያጓራል! ለኔ ነው» ብሎ ገዛኝ።

ከዚያ በኋላ ዳሩን የቀመቀመው ነጭ ጨርቅ በሎሪ ሾፌር ይልክልኛል። እኔ በሲሚንቶ ወረቀት ላይ ሦስት አራት ነገር ሞነጫጭሬ እሰድለታለሁ፤ የወደደውን በልብስ ሰፊ ጠመኔ ከቦ ይመልስልኛል፤ ያንኑ በጨርቁ ላይ እሠራለታለሁ። በወረቀቱ ጥግ ኑሮዬንም እስልለት ነበር፦ ወባ ሲጥለኝ፣ ጣራዬ ሲያፈስ ድስት በራሴ ተሸክሜ። ስልክማ ነበረን፤ ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ግን ኔትወርኩ ለሳምንታት ይጠፋል። ሥዕሉ ሾፌር እስካለ ድረስ ይደርሳል።

እሱ ራሱ ስሎ አያውቅም። ባለፈው ክረምት ግን ሾፌሩ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። በእርሳስ የተሳለች ሎሪ፣ በላይዋ የተጋደመ ሰው አንድ እጁን አንስቶ፣ ከፊት ለፊት ቤት፣ ከቤቱ በላይ እንደ ማጭድ የቀጠነች ጨረቃ። ብቻዬን ሳቅሁ። አዲስ ጨረቃ ስትታይ በሎሪ ተኝቼ እመጣለሁ ማለቱ ነው አልሁ። ወዲያው መልሱን ስዬ ለሾፌሩ ሰጠሁት፦ ሎሪዋ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅራ፣ እሱ አፉን ከፍቶ ሲያንኮራፋ፣ እኔ አልጋ አንጥፌ ስጠብቀው።

ጨረቃ ስትታይ የሎሪና የአውቶቡስ መቆሚያው ድረስ እየሄድሁ ሁለት ቀን ጠበቅሁ። በሦስተኛው ቀን ሚስቱ ጥቁር ለብሳ ሁለት ሴቶች ልጆቿን ይዛ ወረደች። ዓይኔ ከኋላዋ እሱን ይፈልጋል።

«የታለ?» አልኋት።

«ገዳሪፍ ቀበርነው፣ ወንድምዓለም። ጉበቱ ነው። እዚያው ሙስተሽፋ፣ ሐኪሞቹ ጋ፣ ዐሥራ አንድ ቀን ተኛ። ዶካ እኮ ቅርብ ነው፤ ለምን አልመጣህም? ልኮብህ የለም ወይ?»

ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ። ጣቷን ጨረቃዋ ላይ አሳረፈች።

«ይቺ የሙስተሽፋው በር ላይ ያለችው ቀይ ጨረቃ ናት። እኔማ የአማርኛ ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው ፈልገን እናስጽፍለት ብዬው ነበር። ‹ስዬለታለሁ፤ የኔን ሥዕል እሱ አያጣትም› አለኝ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይል ነበር።»

የዶካ ክሊኒክ በር ላይ ያቺኑ የሐኪም ቤት ምልክት፣ ጨረቃዋን፣ በቀይ የቀባኋት እኔ ነኝ። በእርሳስ ስትሳል ግን አላወቅኋትም።

መልሴ ደርሶ እንደሆነ መጠየቅ ፈራሁ። ራሷ ነገረችኝ።

«የሚያንኮራፋውንም ሾፌሩ ሰጠኝ። ከቀብር በተመለስሁ ማግስት።»

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁት።

ዘመዶቿ ዘንድ መተማ መሄዷ ነበር። ረዳቱ አውቶቡሱ ጣራ ላይ ያለው ዕቃቸው መላላቱን ሲናገር እኔ ወጣሁ። ፍራሹና ድስቱ የተጠቀለለው በኔ ሥዕሎች ነበር። ግመሉ ውጪ ላይ ነው፤ ዝናብ አበላሽቶታል።

«ሌላ ጨርቅ አጥቼ ነው፣ አይክፋህ» አለችኝ ከታች።

«አይከፋኝም» ብዬ ገመዱን አጥብቄ አሰርሁላት። አውቶቡሱ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ገላባት ሲነሳ ትንሿ ልጅ በመስኮቱ እጇን ሰጠችኝ፤ ያዝሁት፤ አብሬ ጥቂት ተራመድሁና ለቀቅኋት።

መቃብሩ ድረስ ሄጄ ልየው ብዬ ሁለት ጊዜ ተነስቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ከመንገድ ተመለስሁ።