ቁም ሣጥን ውስጥ የተመዘገቡት ዘጠኝ ስልኮች

ማናይ ሳልቫሲዮን ስልክ ሲመዘግቡ ያየ ሁሉ ይስቅባቸው ነበር። ማናይ በእኛ አገር እንደ እትዬ ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። የከተማችን ማዘጋጃ ቤት የአደጋ ጊዜ ስልኮቹን በኢንተርኔት እንዲሠሩ ሲያደርግ ጥሪውን ለስልኮቹ የሚያድለውን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ የሚይዝ ሰው ጠፋና ሥራው ለእሳቸው ተሰጠ። በድሮው የስልክ ማዞሪያ ሃያ ስድስት ዓመት መስመር ሲያገናኙ የኖሩ ሴት ነበሩ። ለእያንዳንዱ ስልክ ቁጥርና የይለፍ ቃል ይሰጡታል። ስልኩም በየሰዓቱ «አለሁ» እያለ ለሰርቨሩ ያስታውቃል፤ ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ አረንጓዴ ይሆናል። ሌላ ሰው ቢሆን ሥራው እዚህ ላይ አበቃ ይል ነበር። እሳቸው ግን ወዲያው ይደውላሉ።

«ማን አለ?»

«እኔ ነኝ፣ ማናይ።»

«እኔማ ሁሉም ሰው ነው። ስም የለህም? ቁርስ ምን በላህ?»

የሚመልስ ሰው ካጡ ያንን ስልክ ከሰርቨሩ ይሰርዙታል። «ዕቃ አለሁ ቢል ምን ይረባል? ሬሳም እኮ ቤት ውስጥ አለ» ይሉ ነበር።

እኔ ናጋ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ተምሬ፣ ሌላ ሥራ ስላጣሁ፣ ጥሪ ከሚቀበሉት ሦስት ሠራተኞች አንዱ ሆኜ ነበር። በወረቀት ላይ ግን አሥራ ሁለት ነበርን። አንድ ቀን ከአውራጃው ተቆጣጣሪዎች እንደሚመጡ ተሰማ፤ ኃላፊያችን ኢንጂነር ኦቢያስም መጥቶ ማናይ ትከሻ ላይ እጁን ጣል አደረገ።

«ለአንድ ቀን ብቻ ነው፣ ማናይ። ዘጠኝ ስልክ ይጨምሩልኝ። አሥራ ሁለት አረንጓዴ ይዩ፣ ምሳቸውን ይብሉ፣ ይሂዱ።»

«እጅህን አንሳ! አባትህ እናትህን ሲለማመጣት መስመሩን የማገናኝለት እኔ ነበርኩ። እሱ እንኳ ሲደውል የሚያነሳለት ሰው ነበረው።»

ሳቀ። ትንፋሹ የቆየ ዓሣ ይሸት ነበር። «ለጡረታዎ ስንት ወር ቀረዎት?»

«ሰባት።»

«እንግዲያው ሰባቱን ወር በሰላም እንጨርሳ።»

ዘጠኙን ስልኮች ተሸክሜ መጸዳጃው አጠገብ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ የደረደርኳቸው እኔ ነኝ። የአይጥ ሽንት ግማቱ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ተቆጣጣሪዎቹን እንዳይረብሹ ድምፃቸውን አጠፋን። ማናይ መዘገቧቸው፤ ማን አለ ብለው ግን አልጠየቁም። ያን ቀን ምሳ አልበሉም። እጃቸውን በሳሙና ደጋግመው ሲታጠቡ አየኋቸው።

ተቆጣጣሪዎቹ አረንጓዴውን አዩ፣ አመሰገኑ፣ በሉ፣ ሄዱ። በማግሥቱ ማናይ ሊሰርዙ ሲቀመጡ ኦቢያስ ከለከላቸው። «አይነኩም! ከዛሬ ጀምሮ ተቆጣጣሪዎቹ አውራጃው ቢሮ ሆነውም ስክሪኑን ያዩታል።»

በአራተኛው ቀን አውሎ ነፋሱ መጣ። ከንጋት ጀምሮ ዘነበ፤ ወንዙ ሞላ። የእኛ ስልኮች ግን እምብዛም አልጮኹም።

«ሕዝቡ ለምዶታል» አለ አጠገቤ የሚሠራው ዶድንግ። የፒሊ ለውዝ እየፈለጥን እንበላ ነበር።

ማናይ ድንገት ብድግ ብለው ወደ ቁም ሣጥኑ ሄዱ። ተከተልኳቸው። በሩ ሲከፈት ጨለማው ውስጥ ትንንሽ ቀይ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ። አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይበራል። ሰርቨሩ አለሁ ላለው ሁሉ ጥሪ እኩል ያድላል፤ ከአራት ደዋይ የሦስቱ ጥሪ የሚደርሰው ለአይጦቹ ነበር።

ማናይ አንዱን አነሱ። «ማን አለ?» ብለው ጥቂት አዳመጡና ወደ እኔ ጮኹ። «ጻፍ! ከደረቅ ኮኮናት መጋዘኑ ጀርባ፣ አራት ሰው፣ ውኃው ወገባቸው ደርሷል!» ከዚያ ሮጠው ሰርቨሩ ፊት ተቀመጡ።

«ማናይ፣ ሰባት ወር!» አለ ኦቢያስ ከበሩ ላይ።

«ውሰደው» አሉት፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት። ዘጠኙንም ሰረዟቸው። ስክሪኑ ላይ ሦስት አረንጓዴ ብቻ ቀረ፣ የሦስታችንም ስልኮች ባንድነት ጮኹ።

የእኔ ደዋይ ጎልማሳ ሰው ነበር። «ከንጋት ጀምሮ ስደውል ነበር» አለኝ። «ይጠራል፣ ይጠራል፤ ቁርስ ላይ ናቸው ብዬ ነበር።»

«የት ነዎት ጌታዬ? ጀልባ እንልካለን።»

«አሁን አያስፈልግም» አለ ቀስ ብሎ። «የሚያነሳ ሰው መኖሩን ለማወቅ ያህል ነው።» ዘጋው።

በሳምንቱ ማናይን የገበያው መጸዳጃ ቤት ትኬት ቆራጭ አድርገው አዛወሯቸው። በእሳቸው ቦታ የተቀመጠው ሰው ያለ ምንም ጥያቄ ዘጠኙን መልሶ መዘገበ። አውራጃው አሥራ ሁለት አረንጓዴ አየ። ዶድንግ ሥራውን ለቀቀ፤ እኔ አሥራ አንድ ዓመት ቆየሁ።

ማናይ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሰኞ ሰኞ ከገበያው ይደውሉ ነበር፤ አሥራ ሁለቱንም ቁጥሮች በተራ። ዘጠኙ ዝም ይላሉ። የእኔ ተራ ሲደርስ አነሳለሁ።

«ማን አለ?»

«ሊያንድሮ ነኝ፣ ማናይ።»

«ቁርስ ምን በላህ?»

«ሩዝና ደረቅ ዓሣ።»

«ወረደልህ?» ይሉኛል።