በሁዳዴ የዘፈነው ሳጥን

በዚህ ጾም የልጄ ስልክ በዘፈን ሲጮኽ የጅጅጋው ሳጥን ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ ጅጅጋ ሳለን አባቴ፣ ሁለት አስተማሪዎችና አንድ ሱማሌ ነጋዴ ማኅበር ነበራቸው። ቁልፉ ሲጠመዘዝ በራሱ የሚዘፍነው አሮጌ ሳጥናቸው እንደ ጽዋ በየወሩ በየቤቱ ይዞራል፤ በጾም ግን አይነካም። አንድ ሁዳዴ ሳጥኑ እኛ ቤት ሳለ የንስሐ አባታችን መጡ። አባቴ «ካዩት የዘፈን ማኅበር ነው ብለው ያፈርሱብናል» ብሎ ነጠላ ጣል አደረገበት። እሳቸው በርጩማ መስሏቸው ተቀመጡበት። ክብደታቸው ሲያርፍበት ከጾሙ በፊት ተጠምዝዞ የቆየው ሳጥን ከሥራቸው መዝፈን ጀመረ።

አባቴ እግራቸው ላይ ወደቀ። «ይፍቱኝ አባ! ይነሡልኝ፣ ላጥፋው!»

«ተወው ልጄ፤ አፍኜዋለሁ» አሉ። ዘፈኑ እስኪያልቅ አልተነሡም። ጣታቸው ግን መቋሚያቸውን መታ መታ ያደርግ ነበር።

እኔም ስልኩ ላይ ተቀመጥኩ። ተመስገን፤ ረጅም ዘፈን ነው።