አቶ ወልደሰማያት ለውሻ ቪላ ሠሩ ስለመባሉ

ወሬው የተነሣው ጅማ፣ አወቱ መንደራ ካለ አንድ ሻይ ቤት ነው። አቶ ወልደሰማያት ለውሻቸው ቪላ ሠሩ ተባለ። ጠዋት ቪላው ባለ አንድ ክፍል ነበር፤ ምሳ ሰዓት ላይ ኮርኒስ ገባለት፤ ወሬው የጅሬንን ዳገት ሲጨርስ ሳሎን ተጨመረበት። ውሻውም፣ ነብሮ ነው ስሙ፣ በቀን ሦስት ሲኒ ቡና ካልጠጣ ሥራ አይጀምርም፤ ሌባ ቢመጣ እንኳ ሲኒውን ሳይጨርስ አይጮህም አሉ። ወሬው ከከተማ ወጥቶ ደዶ ላይ ሲደርስ ነብሮ ጋዜጣ ማንበብ ጀምሮ ነበር።

ጋዜጣውን ማመን ይቻላል። የሚከብደው ቪላው ነው። አቶ ወልደሰማያት ሃያ ሰባት ዓመት የቡና ጥራት መርማሪ ሆነው ሠርተዋል፤ አንድ እፍኝ ቡና አሽትተው የየት መንደር እንደሆነ፣ ካሰኛቸውም የባለቤቱን አማት ስም ይናገራሉ። ከሚስማር ጋር ግን ትውውቅ የላቸውም። የቤታቸው በር ማጠፊያው ከወለቀ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። አላሠሩትም፤ ለቤተሰቡ በሩን ትንሽ ከፍ አድርጎ መግፋት አስተማሩ። እንግዳውም ተማረ። እንዲህ ያለ ሰው ለውሻ ቪላ ይሠራል?

የሆነው ይህ ነው። በ1996 ዓ.ም. ሰኔ መግቢያ ላይ የባለቤታቸው የወይዘሮ ፋንቱ የስኳር ሕመም ዐይናቸው ላይ ወጣና ለሕክምና አዲስ አበባ፣ ልጃቸው ሔራን ዘንድ ሄዱ። ነብሮን በጡጦ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። መናኸሪያው ውስጥ አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል በመስኮት ብቅ አሉ።

«ወልዴ፣ ውሻዬን እንዳታስረው። ስመለስ በሰንሰለት ባገኘው አላናግርህም።»

«አላስረውም።»

«ፋንቱ ትሙት በል።»

«ኧረ ሰው ይሰማል አንቺ ሴትዮ።»

«ይስማ። በል።»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማሉ። የታመመ ሰው በራሱ ሞት ሲያስምል እንዴት እንደሚከብድ የማለ ያውቀዋል።

ሐምሌ ላይ የአወቱ ወንዝ ሞላና የጓሮውን አጥር ጠራርጎ ወሰደው። ነብሮም ሰፈር መዞር ለመደ። በዚያው ሰሞን ያበደ ውሻ ሰው ነከሰ ተባለ። አንድ ቅዳሜ ድምፅ ማጉያ የያዘ ሰው በመንደሩ እየዞረ፣ ከሰኞ ሳምንት ጀምሮ መንገድ ላይ ለተገኘ ውሻ የተመረዘ ሥጋ እንደሚጣልለት ለፈፈ። ጎረቤቱ ሁሉ ውሻውን አሰረ። አቶ ወልደሰማያትም ሰንሰለት ነበራቸው። መሐላም ነበራቸው።

ስለዚህ መዶሻ ተዋሱ። አጠናና ሽቦ ገዝተው፣ ዝናብ እየወረደባቸው ጉድጓድ መቆፈር ጀመሩ። ሰፈሩ ካለው ቡና መፈልፈያ ውስጥ የሚሠሩት ጎረቤታቸው አባቦራ ቆመው ያያሉ።

«ማሎ፣ እባክህ ወልደሰማያት፣ የምትመታው ሚስማሩን ነው ጣትህን?»

«የቀረበኝን።»

በስድስተኛው ቀን አጥሩ ቆመ። ቀጥ ብሎ አይደለም፤ ከሰርግ የሚመለሱ ሰዎች ሰልፍ ይመስላል፤ ግን ውሻ አያሳልፍም። ነብሮ ቆፍሮ እንዳይወጣም ከሥሩ ድንጋይ ደረደሩበት። ውሻው መውጫ ሲያጣ አጥሩን ተከትሎ ወዲያ ወዲህ ይሮጥ ጀመር። በጅማ ክረምት ላይ አራት እግር ሲጨመርበት ጓሮው በሁለት ቀን ማጥ ሆነ፤ መዳፉም ቆሰለ።

አቶ ወልደሰማያት አሰቡ። ያሰቡትም የቡና አገር ሰው የሚያስበውን ነው። የቡና ገለባ ደረቅ ነው፣ ውሃ ይመጥጣል፣ መፈልፈያው ደጅ ተራራ አክሎ ተከምሯል፣ ውሰዱልኝ ይባላል እንጂ አይሸጥም። ቅዳሜ በጋሪ ስድስት ጆንያ አስመጥተው ጓሮውን እንደ ምንጣፍ አለበሱት። ከዚያ አጥንት ወረወሩለት። ነብሮ አጥንቱን ገለባው ውስጥ ቀበረ፣ ቆፍሮ አወጣ፣ መልሶ ቀበረ። ገለባው ጣፈጥ ይላልና ከአጥንቱ ጋር ይጎርሰው ነበር። ሲጫወት አይተው ደስ አላቸው።

እሑድ ጠዋት ውሻው መቆም አቃተው። ይንቀጠቀጣል፣ ያስታውካል፣ ልቡ ጎኑን እየገፋ ይመታል። አባቦራ ሄደው ዮኤል የሚባለውን ወጣት የእንስሳት ሐኪም ከቤቱ ይዘውት መጡ። ዮኤል ትውከቱን በእንጨት ገለጥ አድርጎ አየ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የቡና ገለባ ነዋ። ምን ይሆናል?»

«ለውሻ መርዝ ነው።»

«ቡና?»

«ቡና።»

አቶ ወልደሰማያት እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጡ። ውሻውን ከመንገዱ መርዝ ሊያድኑ አጥር ሠርተው፣ መርዙን በስድስት ጆንያ አጥሩ ውስጥ አስገብተውለታል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያሸተቱት ነገር ነው። አላወቁትም።

ዮኤል መርፌ ወጋው። «ከሰል አድቅቃችሁ በውሃ አጠጡት። ከዚያ በኋላ የእሱ ጉልበት ነው» አለ።

«እኔ ሶላት አለብኝ፤ የውሻ ምራቅ አልነካም» አሉ አባቦራ። «አንተ አፉን ክፈት፣ እኔ ከላይ አፈሳለሁ።» ራቅ ብለው እያፈሰሱ የከሰሉ ግማሽ አቶ ወልደሰማያት ፊት ላይ አረፈ። ማንም አልሳቀም።

እሑድ እሑድ ወይዘሮ ፋንቱ ይደውላሉ፤ የዚያን ዕለትም ደወሉ።

«ነብሮ ደኅና ነው?»

«ተኝቷል።»

«አሰርከው እንዴ?»

«አላሰርኩትም፣ ፋንቱ።»

ይህ እውነት ነበር። ስልኩን ዘግተው ወደ ውሻው ተመለሱ።

ሰኞ ሥጋው ተጣለ። የሞቱትን ውሾች የጫነ ጋሪ ከአጥሩ ውጭ ሲያልፍ አቶ ወልደሰማያት ገለባ እየለቀሙ ነበር፤ መጥረጊያ አላመኑም፣ በእጃቸው ነው። ነብሮ ረቡዕ ውሃ ጠጣ። ከዚያ በኋላ ሰውየው ሥራቸውን ቀጠሉ። ውሻው የሚሮጥበትን መስመር ተከትለው ከወንዙ ያመጡትን ጠጠር አፈሰሱ፣ ጎርፉን የሚያወጣ ቦይ ቀደዱ፣ ከተራረፈ ቆርቆሮም የዝናብ መጠለያ አቆሙ። ከፍታው እስከ ጉልበት ነው።

ወይዘሮ ፋንቱ ጥቅምት ላይ ተመለሱ። ስኳሩ ረግቷል፤ ዐይናቸው ግን ጠፍቷል። ሔራን እጃቸውን ይዛ ጓሮ አገባቻቸው። ነብሮ መጥቶ አፍንጫውን ቀሚሳቸው ውስጥ ወሸቀ። ጎንበስ ብለው አንገቱን ዙሪያውን ዳሰሱት፤ ቀስ ብለው፣ ጠጉሩን እየገለጡ። የሰንሰለት ጠባሳ ነበር የሚፈልጉት። አጡ።

«ከስቷል» አሉ።

«ልገድለው ነበር» አሉ አቶ ወልደሰማያት፤ ከገለባው ጀምረው ሁሉንም ነገሯቸው።

ወይዘሮ ፋንቱ እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው አጥሩን አገኘ፤ አንዱን አጠና ወደ ላይ ዳሰሱት።

«ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«ጠማማ ነው።»

«ነው።»

እጃቸውን ከአጠናው ላይ አላነሡም።

ሻይ ቤቱ ይህን ሁሉ ከየት ይወቅ? ቆርቆሮ አየ፣ ስለ ቡና ሰማ፣ የቀረውን ራሱ ገነባ። በቀደም አንዱ ፊት ለፊት ጠየቃቸው።

«ጋሽ ወልደሰማያት፣ እውነት ለውሻዎ ቪላ ሠርተውለታል?»

ሻያቸውን አማሰሉ።

«ቪላ የለም። ኮርኒስም የለም። ቡና ጠጥቶ አያውቅም፤ ማንበብም አይችልም። ውሻውም የእኔ አይደለም፣ የፋንቱ ነው። እኔ ውሻ አልወድም።»